ሩጫው የአንድ ጠዋት ነው፣ እጥበቱ ግን በየሳምንቱ ነው

ለኩላሊት ታካሚዎች ብር ለማሰባሰብ ስለምንሮጥ ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፣ «ብር ከሆነ የምትፈልጉት ለምን ዝም ብላችሁ አትሰበስቡም፣ መሮጡ ለምን አስፈለገ?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እኛ አስር ኪሎ ሜትር ስለሮጥን የማንም ኩላሊት አይሠራም። መልሱ ግን መንገድ ላይ ቆሞ በአንድ አፍ የሚነገር ስላልሆነ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ነኝ፣ ከሥራ በፊት ከጓደኞቼ ጋር ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እንሮጣለን፣ ሰዓት የሚይዝልን አሰልጣኝ ምናምን የለንም። ድሬ ላይ የሚሮጥ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ነው መነሳት ያለበት፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ከላይም ከአስፋልቱም ይመጣል። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ይሄን ሩጫችንን ለአንድ ጉዳይ አውለነዋል፣ አቅም ለሌላቸው የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ገንዘብ እናሰባስብበታለን።

እና መልሴ፣ እኛ ሀገር ለራስ መጠየቅ ሞት ነው። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ያስቀመጠውን ይጨርሳል፣ ከዛ ወርቁ ይሸጣል፣ ከዛ ከዘመድ ይበደራል፣ ከዛ ቤት፣ እና ሁሉም ሲያልቅ ነው «እርዱኝ» የሚለው፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ለሌላ ሰው መጠየቅም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ ይሉኝታው ይይዝሃል፣ ሱቅ ገብተህ «ለአንድ ታማሚ ነበር» ስትል ባለሱቁ ገና ሳትጨርስ መሳቢያውን ስቦ አምስት ብር ያወጣልህና ይሸኝሃል፣ ማን እንደታመመ አልሰማም፣ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አሁን ያንኑ ሰውዬ «ቅዳሜ አስር ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው፣ በኪሎ ስንት ታወጣልኛለህ?» በለው። ቀና ብሎ ያይሃል። «አቦ አንተ? አስር ኪሎ? ትጨርሳለህ?» ይልሃል፣ ትስቃላችሁ፣ ወንበር ይስብልሃል፣ ለምንድን ነው የምትሮጠው ይልሃል፣ ያኔ ነው ወሬው የሚጀመረው። ስለ እጥበት ትነግረዋለህ፣ እሱ ደግሞ ስለ እህቱ ስኳር ይነግርሃል፣ ግፊት እንዳለበትና መድኃኒቱን ካቋረጠ እንደቆየ ይነግርሃል፣ አንተ ደግሞ ስኳርና ግፊት ካልተያዙ ኩላሊት ጋ እንደሚደርሱ ትነግረዋለህ። በኪሎ ሃያ ብር ካለ ሁለት መቶ ብር ነው፣ ግን ከሁለት መቶው በላይ እኔ የምፈልገው ያን ወሬ ነው።

ይሄን እኛ አልፈጠርነውም። ካናዳ ውስጥ ቴሪ ፎክስ የሚባል ልጅ ነበር፣ በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። በፈረንጆቹ 1980 በሰው ሠራሽ እግሩ ሀገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ተነሳ፣ በቀን የማራቶን ያህል እየሮጠ 143 ቀን ሄደ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ላይ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ተገኘና ለማቆም ተገደደ። ለካንሰር ምርምር የጠየቀው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ብቻ ነበር፣ ያኔ ሕዝባቸው 24 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ 24 ሚሊዮን ዶላሩ ሞላ። ልጁ በዛው ዓመት አረፈ፣ 23 እንኳን አልሞላውም። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስብ እግሩ ይደንቀኛል ግን ከእግሩ እኩል የሚደንቀኝ የጠየቀው ነገር ነው፣ ከአንድ ሰው ሚሊዮን አልጠየቀም፣ ከሁሉም አንድ አንድ ነው የጠየቀው።

የለንደን ማራቶንን የምታዩ ካላችሁ ደግሞ እነ እንትና ከፊት ሲሮጡ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ብዙው ለበጎ አድራጎት ነው የሚሮጠው። ድርጅቶቹ የመሮጫ ቦታ ይይዛሉ፣ ቦታውን የሚያገኘው ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሺህ ፓውንድ አካባቢ ለመሰብሰብ ቃል ይገባል፣ በ2024 የፈረንጆቹ ውድድር ብቻ ከ73 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል። እኛም ጋ ታላቁ ሩጫ አለ፣ በ1994 ኅዳር ላይ አስር ሺህ ሰው ይዞ ሲጀመር ኃይሌ ራሱ ሮጦ ራሱ አንደኛ የወጣበት፣ አሁን ከሩጫው ጎን ለበጎ ዓላማ ገንዘብ ይሰበሰብበታል። የኔ ሐሳብ ግን የለንደኑን እንዳለ አምጥቶ ድሬ ላይ መትከል አይሆንም ነው። እዚህ ማን ነው ሁለት ሺህ ፓውንድ የሚሰበስበው? እኛ ያለን ሌላ ነገር ነው። እድር አለን። ሐረር ላይ አፎሻ አለ፣ ሐረሪዎች ለሠርግም ለሐዘንም የሚደጋገፉበት። ድሬ ደግሞ ስትነካ አታውቋትም፣ በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ማን ክርስቲያን ማን ሙስሊም፣ ማን ሱማሌ ማን ኦሮሞ ማን አማራ ሳይባል ነው ሰው ፍራሽና ምግብ ተሸክሞ የወጣው። ማዋጣት ለኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎደለን ሰው ሳይሞት በፊት ማዋጣት ነው፣ እድራችን ድንኳን ይተክላል ግን ሕይወት ላይ ላለ ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ይሄ ነገር ውስጤን ያቃጥለኛል።

ለምን እጥበት የሚለውን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ እያልን ያደግንባቸው ሰው አሉ፣ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ልጅ ሆነን ስለ ባቡሩ ሲያወሩልን ነው ያደግነው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። እጥበት ማለት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መተኛት ነው፣ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ ተጣርቶ ይመለሳል፣ ብር የሌለው ሰው ሦስቱን ሁለት ያደርገዋል፣ እሱም ካቃተው አንድ፣ ያኔ ሰውነቱ ያብጣል ትንፋሹ ያጥረዋል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ግራ እጃቸውን ዘርግተው «ና እስቲ ልጄ፣ እጅህን እዚህ ጋ አስቀምጥ» አሉኝ። ክንዳቸው ላይ ፊስቱላ የሚሉት አለ፣ ሐኪም ደም ቅዳና ደም መልሱን አገናኝቶ ለመርፌው የሚያዘጋጀው፣ ቆዳው ከፍ ብሎ ተጠማዝዟል። ጣቴን ሳስቀምጥ ይነዝራል፣ ያለማቋረጥ። «ይሄ ሲነዝር ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ እሱን ነው የምነካው» አሉኝ።

እና ደግሞ ውሃው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ ወይ ስለሚቆም የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ስለዚ ውሃ ይመጠንበታል። በድሬ ግንቦት! እኛ ጠዋት ሮጠን ስንመጣ አንድ ሊትር ሃይላንድ በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጨርሰው፣ እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ አለች፣ የቀኑን ውሃ በሷ እየለኩ ነው የሚጠጡት፣ ሲብስባቸው ትንሽ በረዶ አፋቸው ውስጥ ይይዛሉ። «ከምግቡ ከምኑ ውሃ ነው የሚናፍቀኝ» አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም ግን ይሄን እንድጽፍ ራሳቸው ፈቅደውልኛል፣ ሰው ይወቀው ብለው።

ቀኑን ስንመርጥ ብዙ ተነጋግረናል፣ አርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ቅዳሴ አለ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ተስማማን። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተነስተን ከዚራን ዞረን የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ገብተን እንመለሳለን፣ አስር የሚከብደው አምስት ይሮጣል፣ መሮጥ የማይችል ይራመዳል። ቲሸርት አናሳትምም፣ በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፣ ስንት ዝግጅት አይቻለሁ የተሰበሰበው ግማሹ ለቲሸርትና ለባነር የሚሄድ። ሁሉም የራሱን ልብስ ለብሶ ይመጣል፣ ግራ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል፣ ፊስቱላው ያለበት ቦታ ላይ ማለት ነው፣ በቃ። ጠዋቱን ብታዩት ደስ ይላችኋል፣ ሒጃብ ያደረጉ ልጆች ከፊት፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ሥራ ሳይወጡ መጥተው መንገድ ሲዘጉልን፣ ሻሂና ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ደግሞ መጋላ መግቢያ ላይ ቆማ «ወሪያ በርቱ!» እያለች፣ የዛን ቀን ጠዋት ሽያጯን አካፍላ ሰጥታናለች፣ ሳንጠይቃት። በርጫ ላይ የሚቀመጡ ልጆችም የራሳቸውን ነገር አምጥተዋል፣ በሳምንት አንድ ቀን አንቅምም፣ የዛን ቀን የጫቱን፣ የዙርባውን ብር ለእጥበት እንሰጣለን አሉ፣ እና ሰጡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እምነት። ሰው ለመስጠት አይሰስትም፣ «ይደርሳል ወይ?» ነው ጥያቄው። ብዙ ሰው ተቃጥሏል፣ የታማሚ ፎቶ ይዘው እየዞሩ የራሳቸውን ኪስ የሞሉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚ ሰውን መውቀስ አይቻልም። እኛ ያደረግነው፣ አካውንቱ በሦስት ሰው ስም ነው፣ ሦስቱም ካልፈረሙ አይወጣም፣ ከሦስቱ አንዷ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት፣ ሰፈሩ በሙሉ ለዓመታት ብሩን ሲያምናት የኖረች። ብሩ ለታካሚ በእጅ አይሰጥም፣ እጥበቱ የሚሰጥበት ቦታ ላይ በቀጥታ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ስሙ ተሸፍኖ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ የገባውም የወጣውም። የታማሚ ፎቶ ግን አንለጥፍም። ይሄን በተመለከተ «ፎቶ ካላሳያችሁ ሰው አያዝንም» የሚሉን አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ሰው አምስት መቶ ብር ስለሰጠ የሌላውን ሰው እንባ የማየት መብት አያገኝም፣ እነዚህ ሰዎች ነገ ገበያ የሚወጡ፣ ልጅ የሚድሩ ሰዎች ናቸው።

ሌላ ለሚጀምሩ ሰዎች የምለው፣ ቃል የተገባ ብር የገባ ብር አይደለም። ከሩጫው በኋላ ሰው ይበተናል፣ ሥራ አለው፣ ይረሳል፣ ክፋት አይደለም። ስለዚ ቃል ሲገባልህ እዛው ቆመህ በቴሌብር ያስገባልህ፣ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ አስር ብር መስጠትም አያሳፍርም፣ ድሮ አስር ብር ለመስጠት ባንክ የሚሰለፍ ሰው አልነበረም። ውጭ ያሉ የድሬ ልጆች ጎፈንድሚ እንክፈት ይላሉ፣ እዚህ ካለ ባንክ ጋር ስለማይሠራ የሚከፍተው እዛ ያለ ሰው ነው፣ ጥሩ ነው ይከፈት፣ ግን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደሚልክ አስቀድሞ ይጻፍ።

እና ወደ ርዕሱ ስመለስ፣ ሩጫ አንድ ጠዋት ነው። በዛ ጠዋት የሚሰበሰበው ብር ደስ ይላል፣ ሰው ይተቃቀፋል፣ ግን በግል ቦታ የአንድ ጊዜ እጥበት በሺዎች ነው የሚከፈለው፣ በሳምንት ሦስቴ አስሉት፣ የጠዋቱ ብር ለአንድ ሰው እንኳን ስንት ወር ይሄዳል? ያንን ስናየው ነው ነገሩን የቀየርነው። አሁን ሩጫው መመዝገቢያ ነው። ሮጦ የጨረሰ ሰው ውሃውን ጠጥቶ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ «የዛሬውን ሰጥተሃል፣ በየወሩ ሃምሳ ብር ትችላለህ?» ብለን ነው የምንጠይቀው፣ ልክ እንደ እድር፣ በስም፣ በደብተር። ላቡ ሳይደርቅ የጠየቅነው ሰው እምቢ ሲል ብዙም አላየሁም። ሃምሳ ብር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳን ላትሆን ትችላለች አሁን ባለው ኑሮ፣ ግን አንድ ሰፈር በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ካወጣ ቢያንስ አንድ ሰው «የሚቀጥለው ሳምንት በምን?» ብሎ ሳይጨነቅ ያድራል። እኔ ማየት የምፈልገው እያንዳንዱ እድር ከድንኳኑና ከወንበሩ ጎን ለታካሚ የሚሆን አንድ መደብ ሲኖረው ነው፣ የኛ እድር ዳኛ ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ ብለዋል፣ እኔም እዛው ተገኝቼ እናገራለሁ።

የሚቀጥለው ሩጫ ቅዳሜ ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ባቡር ጣቢያው ጋ። መሮጥ የማትችሉ ደብተር የሚይዝ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ባጃጅ የሚያስቆም ሰው በጣም እንፈልጋለን፣ ነርስ የሆናችሁ ካላችሁ ደግሞ ግፊትና ስኳር እዛው ብትለኩልን ትልቅ ነገር ነው፣ መለኪያውን አዘጋጅተናል። ነጩን ጨርቅ እኛ እንሰጣችኋለን።