«ክፍሉን ባዶ አድርጉ» የሚለው ወረቀት

ቤቴ ትኋን ገባ ብሎ መናገር ያሳፍራል። እኔ ለሦስት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ክንዴ ላይ ሦስት አራት ሆኖ በመስመር የወጣውን ሽፍታ «አለርጂ ነው» እያልኩ ቅባት ስቀባ ከረምኩ። ባለቤቴ ላይ አንድም ነገር ስላልወጣ ይስቅብኝ ነበር። ለካ እሱንም እየነከሱት ነው፤ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ «እኔን አልነከሰኝም» የሚል ሰው ምስክርነት አይቆጠርም።

ቁርጡ የታወቀው አንድ ሌሊት ባትሪ ይዤ የፍራሹን ጠርዝ ስገልጥ ነው። ስፌቱን ተከትሎ በእስክሪብቶ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነገር አለ። እርጥብ ጨርቅ ሳስነካው ቡናማ ሆኖ ተሰራጨ። የእኛው ደም ነው፣ ጠጥተው ያወጡት። እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ባለቤቶቹ ተኝተዋል፦ ጠፍጣፋ፣ ቀላ ያሉ፣ ትልቁ 5 ሚሊሜትር ገደማ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት በማግስቱ ነው። ሱቅ የሚሸጥ የተባይ መርጫ ገዝቼ ክፍሉን አጨስኩት። አታድርጉት። ብዙ ትኋን እነዚህን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል፤ የማይሞተው ወደ ግድግዳው ስንጥቅና ወደ ሌላ ክፍል ይሸሻል። ከዚህ በኋላ ነው ባለሙያ የጠራነው። ቀን ተቆረጠና «የቅድመ ዝግጅት መመሪያ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ተላከልን።

አብዛኛው ቀላል ነው። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱንና መጋረጃውን በሙቅ ውኃ እጠቡ። አልጋውንና ቁምሳጥኑን ከግድግዳ አርቁ። መሳቢያዎችን አውጡ። ወለሉንና የፍራሹን ስፌት በቫኪዩም ጥረጉ (ከረጢቱን ወዲያው አስራችሁ ከቤት አውጡት፤ ይህንን ወረቀቱ አይልም)። ሰውም እንስሳም መድኃኒቱ እስኪደርቅ ከቤት ይውጣ። ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን ጨረስን።

ችግሩ ተራ ቁጥር 3 ነው። «የሚረጨውን ክፍል ባዶ አድርጉ» ይላል። በቃ። አራት ቃል።

እኔ ደግሞ ታዛዥ ሰው ነኝ። ባዶ አድርጉ ከተባለ ባዶ ነው። ልብሱን ከቁምሳጥኑ እየዛቅን፣ ደረታችን ላይ እያቀፍን ሳሎን አደረስነው። ትራሱን ሶፋው ላይ ወረወርነው። ኮመዲኖውን ከነመጽሐፉ ተሸክመን ሶፋው ጎን አስቀመጥነው። አልጋ ሥር ከስንት ዘመን ጀምሮ የተኙ ሁለት ካርቶኖች ነበሩ፤ የድሮ ደብተር፣ ፎቶ፣ ገመድ፣ በቃ ኮተት። እነሱንም ክዳናቸው እንደተከፈተ ጎትተን አወጣን። ማታ ላይ መኝታ ቤቱ ጭር ብሎ ሲታየኝ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ደክሞን ስለነበር ሁለቱን ሌሊት ሳሎን ተኛን። «ቢያንስ እዚህ አይደርሱብንም» አልኩ። አዎ፣ ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው መጣ። ጭምት ልጅ ነው። መኝታ ቤቱን አየ፣ ተመልሶ ሳሎኑን አየ። የተከመረው ልብስ ላይ ዓይኑ ቆየ።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ ነው የወጣው?»

«አዎ።»

«ሳይታሸግ?»

«ወረቀታችሁ ባዶ አድርጉ ነው የሚለው።»

ምንም አልመለሰም። የታዘዘው አንድ ክፍል ስለነበር አንድ ክፍል ረጭቶ ሄደ። ዝምታው ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

አስራ አንደኛው ቀን ላይ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አንገቴን በላኝ። የሶፋውን ትራስ ሳነሳ ዚፑ ጥግ ላይ አንዲት ነገር ትሄዳለች። ከሰሊጥ ታንሳለች። ሰውነቷ ገርጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ቀይ ነጠብጣብ አለ። ደሜ ነው። እንደ መስታወት ውስጧ ይታያል። አልጮህኩም፣ ቁጭ ብዬ አየኋት።

ነገሩን ያኔ አሰብኩት። የትኋን እንቁላል ነጭ ነው፣ 1 ሚሊሜትር ያህላል፣ በተጣለበት ላይ ይጣበቃል። ሞቅ ባለ ቤት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የካርቶን ሽንሽን፣ የመጽሐፍ ጀርባ፣ የኮመዲኖ መሳቢያ ማዕዘን፣ ሁሉም ይመቸዋል። እኛ ያንን ሁሉ በገዛ እጃችን ተሸክመን፣ ሶፋ አጠገብ አስቀምጠን፣ ራሳችን ደግሞ እራት ሆነን አጠገባቸው ተኝተናል። ትኋን የሰው ትንፋሽና ሙቀት ተከትሎ ነው የሚመጣው። መኝታ ቤት የቀረ ቢኖር እንኳ መንገዱን አሳይተነዋል።

ስልክ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴትዮ ትሑት ናት፤ ትሕትናዋ ግን የባሰ አናደደኝ። «ዕቃው ከመውጣቱ በፊት መታሸግ እንዳለበት ይታወቃል» አለችኝ። ለማን ነው የሚታወቀው? የሚያውቅ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል? ይህንን ስላት «መመሪያው አጠቃላይ ነው» አለች። ሳሎኑ እንደ አዲስ ሥራ ተመዘገበ፣ እንደ አዲስ ተከፈለበት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግማሹ ንዴት ግን በራሴ ነው። ልጁ «ሳይታሸግ?» ሲለኝ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብዬ መጠየቅ ስችል ወረቀት አነበብኩለት።

ሁለተኛውን ዝግጅት በራሴ መንገድ ሠራሁት። መጀመሪያ ባዶ ፌስታሎች ይዤ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ከክፍሉ አንድም ነገር ሳይታሸግ ደፉን አልተሻገረም። ማሸግ ስል አፉን ጠምዝዞ፣ አጥፎ፣ በፕላስተር መጠቅለል ማለቴ ነው፤ እንዲሁ ቋጥሮ መተው አይበቃም። ሁለት ዓይነት ቀለም ተጠቀምኩ፦ ጥቁር ያልታከመ፣ ነጭ የታከመ። ጥቁሩ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይከፈታል፣ ልብሱ ይገለበጣል፣ ፌስታሉ ወዲያው ሌላ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ ይጣላል። ጥቁር ፌስታል ድጋሚ ጥቅም ላይ አይውልም። ባለቤቴ አንዱን አጥፎ ለሌላ ጊዜ ሲያስቀምጥ ይዤው ተጣልተናል።

የሚገድለው ሳሙናው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በቀዝቃዛ የታጠበ ልብስ ላይ እንቁላሉ ሊተርፍ ይችላል። ማድረቂያ ያለው ሰው በትልቁ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያሽከርክረው። ሳይታጠብ በደረቁ ቢገባም ይሠራል፤ ጫማውንና የጨርቅ አሻንጉሊቱን እንዲያ አደረግሁ። ግን ማሽኑን አትጠቅጥቁት፣ ሙቀቱ መሐል ድረስ አይገባም።

መጽሐፉ ነው ያሰቃየኝ። እንዳይሞቅ ይበላሻል፣ እንዳይታጠብ አይታጠብ። በፌስታል እያሸግሁ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት አራት ቀን አቆየሁት። አሥር አሥሩን እያልኩ ወር ፈጀ። «አሽገሽ አንድ ወር ተይው፣ ይራባል ይሞታል» ያሉኝ ነበሩ። ትኋን ሳይበላ ብዙ ወራት ይኖራል፤ አንድ ወር ለእሱ ምንም አይደለም። ካርቶኖቹን ግን አሽጌ ጣልኳቸው። ፎቶዎቹን ብቻ አተረፍኩ።

ባለቤቴ ፍራሹን እንጣለው ሲል እምቢ አልኩ፤ በዚህ እኮራለሁ። ያንን ፍራሽ በኮሪደር እየጎተቱ ማውጣት መንገድ ሁሉ መዝራት ነው፤ አዲሱም ገና አልጋው ሳይጸዳ ቢመጣ ያው ነው። ዙሪያውን የሚዘጋ ባለ ዚፕ ልባስ አለበስነው። ውስጥ የቀረው እዚያው ይቅር። ይልቅ ሰው የሚረሳው አልጋውን ነው። ካቻቪቴ ይዤ ብሎኖቹን ስፈታ ከጣውላው መጋጠሚያ ላይ ያየሁት ከፍራሹ ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚለው ተቃራኒ ልበል። ሌላ ክፍል ሄዳችሁ አትተኙ፣ ዘመድ ቤትም አትሂዱ። መድኃኒቱ ሲደርቅ ተመልሳችሁ እዚያው አልጋችሁ ላይ ተኙ። ይቀፋል፣ አውቃለሁ። እኔም መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት። ግን የተረፈው ወደ እናንተ ሲመጣ የተረጨው ላይ መሄዱ አይቀርም። እናንተ ከሄዳችሁ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይ በሻንጣችሁ ዘመዳችሁ ቤት ይገባል። የግድግዳውን ሥር ደግሞ አትወልውሉት። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ «ይሄ ቤት አልተጠረገም እንዴ?» ብላ መወልወያ ስታነሳ እጇን ይዤ ነው ያስቆምኳት።

በየአልጋው እግር ሥር ልሙጥ የፕላስቲክ ሳህን አደረግን። የወደቀ አይወጣም። በየጠዋቱ ባትሪ ይዤ አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት፣ በሁለተኛው አንድ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው ርጭት ያው ልጅ መጣ። «ጠፍተዋል፣ ይቅር» ለማለት ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ግን መድኃኒቱ እንቁላሉን ሁልጊዜ አይገድልም፣ ሁለተኛው ዙር የተፈለፈለውን ለመያዝ ነው። ልጁ ነጩን የፌስታል ክምር አይቶ ፈገግ አለ። ሊሄድ ሲል ያንኑ ወረቀት አምጥቼ ሰጠሁት። ተራ ቁጥር 3 ጎን በእስክሪብቶ ጽፌበት ነበር፦ «መጀመሪያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ አሽጉ»። አነበበው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።