ሁለተኛው ካርድ

ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለአንድ ጥናት መረጃ እሰበስብ ነበር። ጥናቱ ቤት ውስጥ አደጋ ስለሚደርስባቸው ልጆች ነው። ቅጹ ቀላል ነው። መውደቅ፣ ቃጠሎ፣ መመረዝ ይላል፤ ራይት አድርጎ ማለፍ ነው። «ሌላ ካለ ይገለጽ» የምትለዋን መስመር የሚሞላ ሰው አላየሁም።

አንድ ማታ የአስር ወር ሕፃን መጣ። ሁለቱም እግሮቹ በጥርስ ሳሙና ተለቅልቀዋል። (ይቺ የጥርስ ሳሙና ነገር መቼ እንደምትቀር እንጃ። የተቃጠለ ቆዳ የሚፈልገው ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው። ከተቃጠለ ሦስት ሰዓት ካልሞላው ሐኪም ቤት ደርሶም ይጠቅማል።) እናትየው «የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ነው» አለች። እኔም «ቃጠሎ» ላይ ራይት አደረግኩ።

ተረኛዋ ሲስተር መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው። ከዚያ ሳሙናውን ቀስ እያለች አጠበችለት። ቃጠሎው ሁለቱም እግር ላይ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ እኩል ያበቃል፤ ካልሲ ያጠለቀ ነው የሚመስለው። መርገጫው ግን ደህና ነው።

«የተደፋ ውሃ ይረጫል፣ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ጠርዙ ዥጉርጉር ነው» አለችን ወደ ጎን ወስዳ። «ይሄ ልጅ ግን ሳፋ ውስጥ ቆሟል።»

ጉዳቱና የሚወራው ካልገጠሙ ጠርጥር የሚለው ነገር፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለሚደበደቡ ሕፃናት ከጻፉ ወዲህ የሕፃናት ሐኪም ሀሁ ነው። ኢንተርናችንም አልረሳውም፤ «ፖሊስ ይጠራ» አለ። ሲስተር «ቆይ እስኪ» አለችውና ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ጋ አንዲት ልጅ ቆማለች። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች።

«የኔ እናት፣ እጅሽን ምን ሆንሽ?»

ጣቶቿ ውሃ ቋጥረዋል። 13 ዓመቷ ነው። «ዘመድ ናት» ተብላ ከገጠር መጥታ ልጅ ትይዛለች። እናትየው ሥራ ላይ ሳለች ልታጥበው ውሃ አፈላች። ቀዝቃዛ ጨምራበታለች፤ የበቃ መስሏታል። ሲጮህ እጇን ከትታ አወጣችው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሕፃን ቆዳ ለመላጥ ሰከንዶች ይበቁታል።

እናትየው የዋሸችው «ልጁን ለማን ትተሽ ሄድሽ?» እንዳትባል ፈርታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። «ዘመድ ናት» ከተባለ ግን ማን ቀጠረ ይባላል?

ሲስተር ለልጅቷም ካርድ ይውጣ አለች። እናትየው «እሷ እኮ ደህና ናት» ብላ ትንሽ አጉረመረመች፤ በኋላ ከፈለች። ሶሻል ወርከሯ ስትመጣ ሁለቱን ልጆች ተረከበች። ልጅቷን ለብቻዋ፣ እናትየው በሌለችበት አነጋገረቻት። ትምህርት ቤት ገብታ እንደማታውቅ የሰማነው ያኔ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት። ዋናው ተመራማሪ ቅጹ ረዘመ ብለው ቅር አላቸው፤ ግን ሁለት ጥያቄ ተጨመረ። አንዱ አምጪው የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፍ ይላል። ሌላው ልጁን ማን ይጠብቀው ነበር፣ የጠባቂው ዕድሜስ ስንት ነው ይላል። ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ 9 እና 11 ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ አለ። ለእነሱ ካርድ ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ግን ዛሬም በዚያ ሰዓት ተረኛ የሆነው ሰው ነው።