ሳሩ ለላም፣ ቅጠሉ ለጉድጓድ፦ የግቢያችንን ማጽጃ እንዴት መረጥኩ

ጎንደር ውስጥ የቤተሰባችንን አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ የማየው እኔ ነኝ። ሰፊ ግቢ አይደለም፣ ግን ሁሉም ነገር አለበት። ፊት ለፊት ሳር፣ መሃል ላይ የድንጋይ ንጣፍ፣ መኪና ማቆሚያው በኩል ጠጠር። ሁለት አቮካዶ፣ አንድ ትልቅ ጃካራንዳ፣ አጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ አሮጌ ወይራ። ክረምቱን ሙሉ ሳሩ ፋታ አይሰጥም፣ በጋ ሲገባ ተራው የቅጠል ነው፣ ጥር 11 ሲቃረብ ደግሞ ክፍሎቹ በጥምቀት እንግዳ ይሞሉና ግቢው የግድ ንጹሕ መሆን አለበት። ለዓመታት በማጭድና በመጥረጊያ ስንገፋው ቆይተን አምና «በቃ፣ ማሽን እንግዛ» አልኩ።

ከመግዛቴ በፊት መሞከሬ በጣም ነው የጠቀመኝ። ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ፣ አቧራ የሚያራግፍበትን ትንሽ ብሎወር፣ ማለትም አየር በኃይል የሚነፋ ማሽን፣ አዋሰኝ። የጃካራንዳ ቅጠል ሲረግፍ አይታችሁ ከሆነ፣ እያንዳንዷ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። በድንጋዮቹ መሃል ትወሸቃለች፣ መጥረጊያ አያወጣትም፣ የሬክ (ጥርስ ያለው ረጅም እጀታ መሰብሰቢያ) ጥርስም ያሳልፋታል። ብሎወሩ ግን ከስንጥቁ ውስጥ ብን አድርጎ አወጣት። በዚያ ተደስቼ ትልቁን ፍለጋ ጀመርኩ።

ትልቁን በጀርባ የሚታዘለውን የቤንዚን ብሎወር ከአንድ የማውቀው ሰው ለሁለት ቀን ተዋስኩ። ሞተሩ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፣ ለዚያኛው 1 ሊትር ቤንዚን በ20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነበር። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይታችሁ እንዳትወስኑ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ሞተሩም ያንኑ ያህል ይደክማል። ድምፁ ግን አይቀንስም፤ ያለ ጆሮ መከላከያ እንዳትነኩት።

ያኔ ታኅሣሥ ነበር። ደረቅ ቅጠሉን በደንብ ገፋው። ጠጠሩ ጋ ስደርስ ግን ቅጠሉም፣ ጠጠሩም፣ አቧራውም አንድ ላይ ተነሳ። ከአጥሩ ማዶ፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን በርበሬ አስጥተው ነበር። ብቅ ስል ቀዩ በርበሬ ግራጫ ሆኗል። «ኧረ ልጄ፣ ምን አደረግኸኝ!» አሉ። አንድ በአንድ በጨርቅ ስንወለውለው ዋልን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከመንፋቴ በፊት ነፋሱ ወደየት እንደሚሄድና ማን ምን እንዳሰጣ አያለሁ።

በባትሪ የሚሠራውን ብሎወርም አሰብኩበት። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፣ ሽታ የለውም። ግን ሒሳቡን ሥሩት፦ 36 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት ማለት 144 ዋት ሰዓት ነው። ማሽኑ በሙሉ ኃይል 700 ዋት ቢወስድ 12 ደቂቃ ሆኖ አለቀ። የእኛን ንጣፍ እንኳን አይጨርስም፣ ሁለተኛ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው። በገመድ የሚሠራው ይረክሳል፣ ነገር ግን 2,500 ዋት የሆነውን ከሰካችሁ ከ11 አምፔር በላይ ይስባል፣ ቀጭን ማራዘሚያ ይግላል። ገመዱ ወፍራም ይሁን፣ ከጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

ሐሳቤን የቀየረው ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ብሎወር ይስባልም፣ ቅጠሉን ከትፎ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ልገዛው ነበር። እትዬ ሁለት ላሞች አሏቸው፣ የታጨደውን ሳራችንን የሚወስዱትም እሳቸው ናቸው። የእህቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ይማራል፣ ሐሳቤን ስነግረው «አቮካዶ ሥር ያለውንም ነው ሳሩ ውስጥ የምትጨምረው?» አለኝ። የአቮካዶ ቅጠል ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፣ የላምን ጡት ያሳብጣል፣ ወተቷን ያነጥፋል፣ ከበዛ ልብም ይጎዳል። ደነገጥኩ። አንዴ ተከትፎ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ተለወጠ። የቱ ማሽን ይፈጥናል ማለቴን ትቼ የተሰበሰበው ነገር ወዴት ይሄዳል ብዬ ጀመርኩ። ሳሩ ወደ ላም ነው፣ ቅጠሉ ወደሚበሰብስበት ጉድጓድ፣ ሁለቱ መንካካት የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለ። ጥርሶቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ የሽቦ ሬክ ገዛሁ። ለአፈርና ለአሸዋ የሚሆነውን ከባዱን የብረት ሬክ ተውት፣ የሳሩን ሥር ይነቅላል። ሽቦው ይለጠጣል፣ ሰፊውን የአቮካዶ ቅጠል ከሳሩ ላይ ላዩን ለቅሞ ያነሳል። ከማጨዴ በፊት ቅጠሉን በእሱ አወጣለሁ፣ ከዚያ ነው ማጭዱ የሚገባው። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት።

ለእርጥብ ሳር ደግሞ መንሽ፣ ረጃጅም ጣቶች ያሉት ሹካ መሳይ መሣሪያ፣ የሚያህል የለም። ክረምት ላይ የታጨደ ሳር ይጣበቃል፣ ይከብዳል፣ ብሎወር ንቅንቅ አያደርገውም። የእትዬ ባለቤት ደምቢያ ነው ያደጉት፣ አንድ ቀን በሬክ ስታገል አይተው መንሻቸውን ይዘው መጡ። ከሥር ሰደድ አድርገው፣ ነቅነቅ አድርገው፣ አንድ ጭነት የሚያህል ሳር በአንዴ ሸራው ላይ ጣሉት። ሳሩ እየተነሳ አፈሩ በጣቶቹ መሃል ይረግፋል። እኔም ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ የእንጨት መንሽ ገዛሁ። ሸራውን ከጎኑ ታነጥፋላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ አራቱን ጫፍ ይዛችሁ ትጎትታላችሁ። በቃ።

ብሎወር ጨርሶ አልተውኩም። እንደ ጓደኛዬ ያለችውን ትንሿን በገመድ የምትሠራውን ገዛሁ፣ ለድንጋይ ንጣፉ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ። ጠጠሩን በሽቦ ሬክ ቀስ ብዬ እጠርጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉንም ሳር መሰብሰብ አያስፈልግም። ሳይረዝም ደርሼ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ካጨድኩ ብጣሹ እዚያው ይቅር እላለሁ፣ በስብሶ መልሶ ሳሩን ይመግባል። ወፍራም ክምር ሆኖ ሲቀር ነው ከሥሩ ያለውን ሳር የሚያቃጥለው። ደረቁን የጃካራንዳና የወይራ ቅጠል፣ የአቮካዶውንም ጨምሬ፣ ከእትዬ ቤት በሚመጣው እበት እየደራረብኩ ጉድጓድ ውስጥ እከታለሁ። ሳሩን በሸራው ጠቅልዬ በአጥሩ በር አቀብላቸዋለሁ። እሳቸውም ሸራውን አራግፈው፣ አጣጥፈው በማግስቱ ይመልሱልኛል።