የግራው ማይክሮፎን ክስ

በምሠራበት የድምፅ ስቱዲዮ አንድ የብልሽት መዝገብ አለ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጥጋጥጉ የተላጠ ደብተር ነው፤ ዕቃ የተበላሸበት ሰው ቀኑን፣ የዕቃውን ስምና የብልሽቱን ዓይነት ጽፎ ይፈርምበታል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት በቀረው አንድ ማክሰኞ በእኔ እጅ እንዲህ ተብሎ ተጽፎበታል፦ «የግራው ማይክሮፎን ወፍራም ድምፅ አይቀበልም። በአስቸኳይ ይታይ።» «በአስቸኳይ» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ዛሬም ያን ገጽ ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል፤ በተለይ ግራው።

ሥራው የበገና ቀረጻ ነበር። ለጾሙ ሰሞን ለሚተላለፍ ዝግጅት አንድ አረጋዊ መምህር መጥተው ስድስት መዝሙሮች በበገና ደርድረውልናል። ወጣቷ የቀረጻ ባለሙያችን ሁለት ማይክሮፎኖች ተከለች፤ ግራውን ዝቅ አድርጋ ድምፁ ወደሚያስተጋባበት የበገናው ገበቴ፣ ቀኙን ከፍ አድርጋ ወደ መምህሩ አፍ። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር የቀረጽነው በጄኔሬተር ነው። ይህን ለጊዜው ያዙልኝ።

የእኔ ድርሻ ማቀናበሩ ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሳምንቱን ሙሉ በማስታወቂያ ሥራ ስለተያዘ በጋራው ቢሮ መስኮት ሥር ተቀምጬ መሥራት ጀመርሁ። ትልቁ የቢሮው ማዳመጫ ከመነጽሬ ጋር አይስማማም፤ የመነጽሩ ዘንግ ትራሱን ከጆሮዬ ያርቀዋል፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ዘንጉ ራሱ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ስለዚህ የምጠቀመው የራሴን ኢርፎን ነበር፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን፣ ጫፉ ላይ የሲሊኮን ላስቲክ ያለውን። ጥሩ ኢርፎን ነው። ስገዛው በትንሽ ፌስታል ሌሎች ላስቲኮች አብረው መጥተው ነበር፤ አንድ ጥንድ ትንሽ፣ አንድ ጥንድ ትልቅ። መካከለኛው ከፋብሪካው ተገጥሞ ስለመጣ ፌስታሉን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ጣልሁት። እዚያው ሁለት ዓመት ኖረ።

በገናን በቅርብ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አሥሩ አውታሮች የሚያወጡትን ድምፅ አይረሳውም፤ ወፍራም ነው፣ ይነዝራል። ንዝረቱ የሚመጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በብርኩማው መካከል ከሚሸጎጡት እንዝራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። በኢርፎኔ የግራ ጎን ይሰማኝ የነበረው ግን ንዝረቱ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋባት ንብ እንጂ በገና አይመስልም። ሆድ የሌለው ድምፅ። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ኢኳላይዘር ከፍቼ በግራው መስመር ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በ4 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁት። አልበቃም። 8 ሳደርሰው ጥቂት ነፍስ የዘራ መሰለኝ። በአንድ ጎን ብቻ ይህን ያህል መጨመር ሲያስፈልግ እጅን ሰብስቦ መጠየቅ የሙያው ሀሁ ነው። እኔም ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት ግን ሰው ነበር እንጂ ራሴን አልነበረም።

«የግራውን ማይክሮፎን በደንብ ተክለሽው ነበር?»

«አዎ። እየቀረጽሁ ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ አይደለም።»

«አንተ በምንድን ነው የምትሰማው?»

ኢርፎኔን አንሥቼ አሳየኋት። አየችው፣ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጥሬ መዝገቡን አነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር እፍረቱ እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ማይክሮፎኑ ለጥገና ወጣ። ምትክ በኪራይ ገባ። መምህሩም ተለምነው ሐሙስ ዕለት በገናቸውን ተሸክመው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው እንደገና መጡ። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱን እንዝራ በጣታቸው ጫፍ የፀጉር ያህል ገፋ እያደረጉ፣ አውታሩን ነካ አድርገው እያዳመጡ፣ እንደገና እየገፉ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

«መምህር፣ ማክሰኞ ዕለት አስተካክለውት አልነበረም?»

«ቆዳ አየሩን ይሰማል፣ ልጄ። ትናንት የያዘው ዛሬ አይዝም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዓርብ ጠዋት አዲሱን ቀረጻ ከፈትሁ። በግራ በኩል ያችው ንብ በዚያው ጠርሙስ ውስጥ ናት። በዚህ ጊዜ የጠረጠርሁት ገመዱን ነበር፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ መዝገቡ ስሄድ ጋሼ አገኙኝ። ጋሼ የቴክኒክ ክፍላችን አንጋፋ ናቸው፤ ቴፕ በምላጭ ቆርጠው በማጣበቂያ ከሚቀጥሉበት ዘመን ጀምሮ በሙያው የኖሩ ሰው። ጉዳዩን ሰምተው ሲያበቁ በምሳ ሰዓት ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ይዘውኝ ገቡና የማክሰኞውን ቅንብሬን በትልልቆቹ ስፒከሮች ከፈቱት። የግራው ስፒከር አጉረመረመ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

«ይህ በገና ነው ወይስ አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና?» አሉ። የጨመርሁትን 8 ዴሲቤል ሲያጠፉት በገናው በገና ሆነ። የማክሰኞውም ሙሉ፣ የሐሙሱም ሙሉ።

ከዚያ ኢርፎኑን እንዳመጣ አዘዙኝ። መጀመሪያ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት ወደ ብርሃን አዙረው የጆሮ ኩክ ደፍኖት እንደሆነ ተመለከቱ፤ ንጹሕ ነበር። «አሁን አገላብጠህ አድርገው» አሉኝ፤ «የግራውን በቀኝ ጆሮህ፣ የቀኙን በግራ።» አደረግሁ። ሦስት ቀን የከሰስሁት የግራው መስመር በቀኝ ጆሮዬ ሙሉ ሆኖ ገባ። እስከዚያ ደኅና የነበረው የመምህሩ ድምፅ ደግሞ በግራ ጆሮዬ እንደ ስልክ ቀጠነ። ጉድለቱ ማይክሮፎኑን ተከትሎ አልሄደም፤ ኢርፎኑንም ተከትሎ አልሄደም። ግራ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ልቤ ራደ። በድምፅ ሥራ የሚተዳደር ሰው አንድ ጆሮው ሲከዳው ምን እንደሚያስብ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ጋሼ ግን በግራ ጆሮዬ ያለውን ኢርፎን በጣታቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት፤ ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ተመለሰ። ጣታቸውን ሲያነሡ ሄደ። «ጆሮህ ደኅና ነው፤ በሩ ነው ያልተዘጋው» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ በጎሚስታ መንፊያ ነው። መንፊያው ሲበሳ በዝግታ ብትገፋው አየሩ በቀዳዳው ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ምንም አይነፋም፤ በፍጥነት ብትገፋው ግን አየሩ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ግፊቱን ይይዛል። ኢርፎን ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋንም በላስቲኩና በጆሮ ታምቡር መካከል የተዘጋችውን ጥቂት አየር የምትገፋ መንፊያ ናት። ወፍራም ድምፅ ዝግ ያለ ግፊት ስለሆነ በላስቲኩ ጎን ትንሽ ክፍተት ካገኘ ያመልጣል። ቀጭኑ ፈጣን ስለሆነ ይቀራል። ንቧ የቀረችው ለዚህ ነው።

የሰው ጆሮ ቦይ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይታጠፋል፤ ክብም አይደለም፣ ሞላላ ነው። የግራውና የቀኙ ስፋትም እኩል ላይሆን ይችላል። ጫማ ስንገዛ አንዱ እግር ጠበብ ሲለው እናውቃለን፤ ጆሮን ግን ማን ለክቶ ያውቃል? ፌስታሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ትልቁን ላስቲክ በግራ፣ መካከለኛውን በቀኝ አደረግሁ። ሁለት የተለያየ መጠን በአንድ ኢርፎን ላይ ማየት ለዓይን ያስቀይማል። ለጆሮ ግን ትክክሉ ያ ነው።

አገባቡንም እንደ አዲስ ተማርሁ። እኔ እንደ ቡሽ ነበር የምወትፈው። ጋሼ ቀኝ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ የግራ ጆሮዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ እንዳደርግ አዘዙኝ፤ ድሮ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ዕድሜያችን መድረሱን በምናሳይበት አኳኋን መሆኑ ነው። ጆሮው ሲሳብ የታጠፈው ቦይ ቀና ይላል። አፍን ከፈት አድርጎ፣ ኢርፎኑን በትንሹ እያሽከረከሩ ማስገባት፣ ከዚያ ጆሮውን መልቀቅ። መዘጋቱን ለማረጋገጥ 50 ሄርዝ የሆነ አንድ ወጥ ድምፅ ከፍቶ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር፣ መንጋጋን ማንቀሳቀስ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ አልተዘጋም ማለት ነው።

የእኔ ተቆራረጠ። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም፤ ጠረጴዛዬ ላይ የቆሎ ሰሃን ነበር። መንጋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጆሮ ቦይ መግቢያው ቅርጹን ይለውጣል፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ቆሎ ሳልቆረጥም አልውልም፣ የምቆረጥመውም በግራ ነው። ጋሼ ቅርጹን ተከትሎ የሚያብጥ የስፖንጅ ጫፍ ብትሞክር ይሻላል አሉኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በውርደት አበቃ። ከስልክ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት ስፖንጅ ቀዳዳው ለኢርፎኔ አንገት ሰፊ ኖሮ፣ ኢርፎኑን ስነቅለው ስፖንጁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አንዱ ባልደረባዬ ወረንጦ ይዞ ሊደርስልኝ ሲሮጥ ጋሼ እጁን ያዙት፤ ወደ ውስጥ ቢገፋው ታምቡሩን ሊጎዳ ይችላል። ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ በግማሽ ደቂቃ አወጣችልኝ። ለሁለተኛው ግዢ ኢርፎኑን ይዤ ሄድሁ፤ ጫፉ አንገቱ ላይ ጠበቅ ብሎ መግባቱን፣ ሳብ ሲሉትም አለመውጣቱን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሞከርሁ።

ስፖንጅ ትዕግሥት ይፈልጋል። በጣቶች መካከል አድቦልቡሎ ማቅጠን፣ ቶሎ ማስገባት፣ ከዚያ እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይዞ መቆየት ነው። ሲያብጥ የጄኔሬተሩ ጩኸት ቀስ በቀስ ሲርቅ ይሰማል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ያለዝበዋል ብዬ አምናለሁ፣ እንደ ሲሊኮኑ ታጥቦም ብዙ አይቆይም፤ ቢሆንም ለእኔ መንጋጋ ተስማማ። ቆሎውን ግን ተውሁት። ጆሮ በደንብ ሲዘጋ የራስ ድምፅ ከውስጥ ስለሚያስተጋባ፣ አንድ ፍሬ ቆሎ መቆርጠም የሰፈር ወፍጮ ቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው።

ያልጠበቅሁት የድምፁ መጠን ነበር። ያመለጠውን ወፍራም ድምፅ ለማካካስና ጄኔሬተሩን ለመብለጥ ስል የኮምፒውተሩን ድምፅ ከመቶ ሰባ አምስት ላይ አድርጌ ነበር የምውለው፤ ላስቲኩ ከተስተካከለ በኋላ አርባ በቂ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በሳምንት 40 ሰዓት የምሠራ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ላይ እንደነበርሁ ባላስበው ይሻላል።

ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለመምህሩም ደውዬ ለምን ሁለተኛ ጊዜ እንዳደከምናቸው ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንዝራህ አልያዘም ነበራ!» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ለማሰራጫው የሚሄደውን ለመምረጥ ሁለቱንም ቀረጻዎች እንደገና አዳመጥሁ። በማክሰኞው ላይ፣ መምህሩ ትንፋሽ በሚወስዱባት ክፍተት፣ ከሥር አንድ ወጥ ጉርምርምታ አለ። ጄኔሬተሩ ነው። ያን ጊዜ በቀኝ ጆሮዬ ሲሰማኝ በመስኮቱ በኩል የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት መብራት ስለነበረ ቀረጻው ንጹሕ ነው፤ የተላለፈውም እሱ ሆነ። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራት አልተገረመችም።

«ሰምቼዋለሁ። ስታቀናብር ታጠራዋለህ ብዬ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ልጻፈው?» አልኋት እየሳቅሁ።

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና የእኔን መስመር በማስመሪያ ሰረዘችው። ከሥሩም ጻፈች፦ «ማይክሮፎኑ ደኅና ነው። ግራ ጆሮ፦ ትልቁ ላስቲክ።» ቀኑን ጽፋ ፈረመችበት።