የእህቴን ሕመም የነገረኝ ማስታወቂያ ነው

ታናሽ እህቴ እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት ሰንብታ ከሄደች በኋላ አንድ ማስታወቂያ ይከተለኝ ጀመር። ዜና ስከፍት አለ፤ የአየር ሁኔታ ልይ ብል አለ። የሚያወራው ስለ አንድ ሕመም ሕክምና ነው። የሕመሙን ስም እዚህ አልጠራውም፣ የእሷ ጉዳይ ነውና። እኔ ስለዚያ ሕመም አንድም ቀን ፈልጌ አላውቅም። ሦስት አራት ቀን ችላ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ እህቴ ሌሊት ሌሊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስልኳ ላይ ስታነብ እንደነበር ትዝ አለኝና ደወልኩላት። ስጠይቃት ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻ «ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም። ለማንም ያልተነፈሰችውን፣ ለእናታችን እንኳ የደበቀችውን ነገር የነገረኝ ማስታወቂያ ነው። አካውንት አልከፈተችም፤ ስሟንም ኢሜይሏንም የትም አልጻፈችም፤ ያነበበችውም በራሷ ስልክ ነው። ታዲያ የእሷ ንባብ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ምን ሊሠራ መጣ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ምሽቴን ሁሉ የሰጠሁት ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላል ነበር። አንድ አሮጌ ስልክ አውጥቼ ሪሴት አደረግኩት፣ ምንም አካውንት ሳላስገባበት ከቤቴ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁትና ሦስት ምሽት ሙሉ ስለ ድንኳን ብቻ ፈለግኩ። ድንኳን የመረጥኩት ከዚያ በፊት ፈልጌው ስለማላውቅ ነው። በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሬ ላይ የድንኳን ማስታወቂያ መጣ። ቀጥሎ ያንኑ ስልክ ከዋይፋይ አውጥቼ በሞባይል ዳታ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ፈለግኩ። ሳምንት ጠበቅኩ፤ ምንም አልመጣም።

ልዩነቱ አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምንታወቅበት ቁጥር ነው። አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በአንድ አድራሻ ነው፤ ውጭ ላለው ሰርቨር ሁሉም ከአንድ በር የሚወጡ ናቸው። ማስታወቂያ የሚያሰራጩት ድርጅቶች በዚያ በር የሚወጡትን ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች እንደ አንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል፤ አንዱ በፈለገው ነገር ሌላውን ያሳድዱታል። እህቴን ያጋለጣት የእኔ ዋይፋይ ነው ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ ከመናደዴ ይልቅ አፈርኩ። እንግዳዬ ነበረች።

ከዚያ ወደ ራሴ ዞርኩ። ብዙ ጊዜ የማነበውን አንድ የዜና ገጽ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩና «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል እያየሁ ገጹን እንደ አዲስ ጫንኩት። መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ወረዱ። እኔ የጠራሁት አንድ ገጽ ነው፤ ገጹ ግን ከሠላሳ የሚበልጡ ሌሎች አድራሻዎችን ጠራ፤ የአብዛኞቹን ስም ሰምቼው አላውቅም። ከመካከላቸው አንዱ የላከው ምስል ወርዱ አንድ ፒክስል፣ ቁመቱም አንድ ፒክስል ነው። እንዲታይ የተሠራ ምስል አይደለም። ብሮውዘሬ፣ ማለትም ገጾችን የምከፍትበት ፕሮግራም፣ ምስሉን ሊያመጣ ሲሄድ አይፒዬን፣ የማነበው ምን እንደሆነና ቀድሞ የሰጡኝን ኩኪ፣ ማለትም ብሮውዘሬ ውስጥ ያስቀመጡትን ትንሽ መለያ ጽሑፍ፣ ይዞላቸው ይሄዳል፤ እነሱ የሚፈልጉት ይህን ጉዞ ነው።

ኩኪን ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ ብሮውዘር ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈጥረው የታሰበው ገጹ ደንበኛውን ከአንዱ ክሊክ ወደ ሌላው እንዳይረሳው ነበር፤ የመረጠው ዕቃ ቅርጫቱ ውስጥ እንዲቆይለት። ችግሩ የመጣው አንድ ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ውስጥ ገብቶ በሁሉም ላይ ያንኑ የራሱን ኩኪ ማንበብ ሲጀምር ነው።

ስለዚህ ኩኪዎቼን ጠርጌ አጠፋሁ። አንድ የመጻሕፍት መሸጫ ገጽ ግን ከአካውንቴ ወጥቼም፣ ኩኪ አጥፍቼም «ቀደም ሲል ያዩዋቸው» ብሎ ያየኋቸውን መጻሕፍት ደረደረልኝ። ሳገላብጥ መለያ ቁጥሬ «ሎካል ስቶሬጅ» በሚባለው ሌላ የብሮውዘር ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ያንንም አጠፋሁ። በማግስቱ እንደገና አወቀኝ። ይህኛው የእኔ ስህተት ነበር፦ ገጹን የከፈትኩት ከላኩልኝ ኢሜይል ውስጥ ሊንኩን ነክቼ ነው። ከሊንኩ የጥያቄ ምልክት በኋላ የተቀጠለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ማን መሆኔን ይናገራል። ሳሚ ካምካር የተባለ የደህንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 «ኤቨርኩኪ» ብሎ የሠራው ማሳያም መለያ ኩኪ ውስጥ ብቻ እንደማይቀመጥ ነው ያሳየው፤ አንድን መለያ ብሮውዘሩ ውስጥ በብዙ ቦታ ይሸሽገዋል፣ አንዱ እንኳ ከተረፈ የጠፉትን ሁሉ መልሶ ይተክላቸዋል።

ኩኪውም ሆነ ሎካል ስቶሬጁ እኔ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ይጠፋል። ቅስሜን የሰበረው ቀጥሎ ያገኘሁት ነው።

የብሮውዘር አሻራ ይሉታል። ምንም አያስቀምጡብህም፤ ያለህን ብቻ ያነባሉ። የስክሪንህ ስፋት፣ የሰዓት ክልልህ፣ ቋንቋህ፣ የብሮውዘርህ ዓይነትና ቁጥር፣ የተጫኑልህ ፎንቶች፣ የግራፊክስ ካርድህ አንድን ሥዕል የሚስልበት መንገድ። አንዱ ብቻውን ከሚሊዮን ሰው ጋር ያመሳስልሃል፤ ተደራርበው ግን አንተን ብቻ ነጥለው ያወጡሃል። ሒሳቡን ሳየው ደነገጥኩ፦ በምድር ላይ ያለውን ስምንት ቢሊዮን ሕዝብ አንድ በአንድ ለመለየት ሠላሳ ሦስት «አዎ ወይም አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ይበቃሉ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት ያዘጋጀው ሙከራ ላይ ፒተር ኤከርስሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከ470,161 ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው መንትያ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

ያ ሙከራ ዛሬም «ከቨር ዩር ትራክስ» በሚል ስም ይሠራል። ገባሁ፤ መንትያ የለህም አለኝ። ዝርዝሩን ወርጄ ሳይ የለየኝ ምን ይመስላችኋል? አማርኛዬ ነው። ብሮውዘሬ ለምከፍተው ገጽ ሁሉ «ባለቤቴ በመጀመሪያ የሚፈልገው አማርኛ ነው» እያለ ይናገራል። ለጽሑፍ ሥራዬ ብዬ ደግሞ ስድስት የግዕዝ ፎንቶች ጭኛለሁ። ገጹ ይህን የሚያውቅበት ዘዴ ረቂቅ ነው፦ አንድ ቃል በማይታይ ቦታ በተለመደው ፎንት ይጽፍና ወርዱን በፒክስል ይለካል። ከዚያ ያንኑ ቃል «በዚህ ፎንት ጻፈው» ብሎ የፎንቱን ስም ይጠራል። ፎንቱ ከሌለህ ወርዱ አይለወጥም፤ ካለህ ይለወጣል። በመቶ የሚቆጠሩ የፎንት ስሞችን እንዲህ ይሞክራል፣ አንተ ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳታነብ።

ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በብዙ ሰው ቋንቋ የሚጠቀም ሰው ሕዝብ ውስጥ ይጠፋል። በራሳችን ፊደል ለማንበብ የምንፈልግ ግን በዚያው ፊደላችን እንለያለን።

ያኔ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። በንዴት ያገኘሁትን መከላከያ ሁሉ ጫንኩ፤ ብሮውዘር ላይ የሚቀጠሉ ሰባት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ኤክስቴንሽን የሚሏቸው። አንደኛው ብሮውዘሬን ስልክ አስመስሎ ያቀርበዋል። እንደገና ስፈተን አሁንም መንትያ የለኝም፤ እንዲያውም ብሶብኛል። ስልክ ነኝ እያለ ስክሪኑና ግራፊክስ ካርዱ የኮምፒውተር የሆነ ብሮውዘር በዓለም ላይ ስንት አለ? አንዳንዶቹ ኤክስቴንሽኖች ራሳቸው በገጹ ላይ በሚያደርጉት ለውጥ ይታወቃሉ። ግንኙነቴን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ቪፒኤን የሚባል አገልግሎትም ገዛሁ። አይፒዬን ቀየረልኝ፤ ኩኪዬና አሻራዬ ግን ያው ናቸው፤ ሰፈር ቀይሮ ልብሱን ያልቀየረ ሰው ሆንኩ። ለመደበቅ ብዬ ከሰው ስለይ ከርሜ ነበር፤ የሚያዋጣው መመሳሰል ኖሯል።

አሁን ሁለት ብሮውዘር አለኝ። የዘወትሩ ፋየርፎክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ገጽ ኩኪ በየራሱ ዕቃ ስለሚለያይ ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ገጹ ውስጥ የገባ ሌላ ድርጅት፣ ከገጽ ገጽ በኩኪ መከተል ይቸግረዋል። ኤክስቴንሽኖቼን ወደ አንድ ማስታወቂያ ከልካይ ቀነስኩ፣ ፎንቶቹን ወደ ሁለት። ሊንክ ለሰው ስሰድም ሆነ ራሴ ስከፍት ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለውን ጭራ እቆርጣለሁ። ኢሜይሌ ምስሎችን በራሱ እንዳይጭን ዘግቻለሁ፤ ያቺ አንድ ፒክስል እዚያም አለች።

ስለ ሕመም፣ ስለ ክስ፣ ስለ ገንዘብ ችግር ለማንበብ ግን ቶር ብሮውዘርን ነው የምከፍተው። ግንኙነቱን በሌሎች ኮምፒውተሮች በኩል አዙሮ አይፒዬን ከገጾቹ ይደብቃል። ይዘገያል፣ አንዳንድ ገጽም አያስገባውም። ግን የተሠራው ተጠቃሚዎቹ ሁሉ በተቻለ መጠን አንድ እንዲመስሉ ነው፦ የሰዓት ክልሉ ለሁሉም አንድ ነው፣ ገጾች የሚያዩአቸውን ፎንቶች ይገድባል፣ የመስኮቱንም ስፋት ብዙ ሰው በሚጋራው ልክ ያጠጋጋል። እኔ ምንም አልጨምርበትም፤ ቅንብሩንም አልነካም።

ነገሩ ግን በግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ የሚፈታ አይደለም። የአፕል ብሮውዘር ሳፋሪ የሦስተኛ ወገን ኩኪን እ.ኤ.አ. በ2020 ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ጉግልም በዚያው ዓመት ከራሱ ብሮውዘር ከክሮም ላይ አነሳዋለሁ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሐሳቡን ቀየረ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ የማስታወቂያ ደንበኞቹ አሻራን እንዳይጠቀሙ የሚከለክለውን ደንቡን አላላ፤ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ውሳኔውን በይፋ ነቅፏል። እኔ ከሁለቱ ኩኪን እመርጣለሁ። ኩኪን አይቼ አጠፋዋለሁ፤ አሻራዬን ግን ላጠፋው ብል ኮምፒውተሬን ነው መለወጥ ያለብኝ።

ባለፈው ወር እህቴ እንደገና መጣች። ከመምጣቷ በፊት የእንግዳ ዋይፋይ ልከፍትላት አስቤ ነበር፤ ያ ግን የሚለየው የቤቱን ውስጥ ብቻ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት አይፒ ያው ነው። ስለዚህ አልጋዋ ላይ ተቀምጠን ቶር ብሮውዘርን ስልኳ ላይ ጫንኩላት፣ እንዴት እንደሚከፈትም አሳየኋት። ምን እንደምታነብ አልጠየቅኳትም። በር ዘግቼላት ወጣሁ። በዚያ ሳምንት ኮምፒውተሬ ላይ የመጣው ማስታወቂያ ስለ ድንኳን ብቻ ነበር።