ስንት ኢንች?

ቤታችን ውስጥ ሰሞኑን የሚወራው ስለ ኢንች ብቻ ነው። ወንድሜ «ከ55 በታች ቲቪ አይባልም» ብሎ አቋሙን አሳውቋል። ልጄ ዩቲዩብ ይክፈት እንጂ ሌላው አያሳስባትም። እማዬ ደግሞ «ያለው ምን ሆነና ነው? አሠሩት!» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። ከፋይዋ እኔ ስለሆንኩ የሁሉንም በትዕግስት አዳምጣለሁ።

ያለው 32 ኢንች ኤልሲዲ ነው። ቤታችን የገባው በ2002 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ሰሞን ነው። ያኔ በሰፈራችን አብዛኛው ቤት የነበረው ጀርባው የወጣ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ ቴሌቪዥን ነበር። የኛ ፍላት ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ብቅ እያለ አይቶ፣ ቡና ጠጥቶ ሄዷል። ስፔን ዋንጫውን ስታነሳ ሳሎናችን ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር።

አሁን አርጅቷል። መጀመሪያ ያመመው መነሳት ነው። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ጠቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። እማዬ ወዲያው መላ አገኘችለት። ቡናው እስኪፈላ ሶኬቱን ሰክቶ መተው ነው። ሲሞቅ ይነሳል። እውነትም ይነሳ ነበር!

ሰፈር ውስጥ ቲቪና ራዲዮ የሚጠግን ጋሼ አለን። ጀርባውን ፈቶ ፓወር ቦርዱን አሳየኝ። ላዩ ላይ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። ጤነኞቹ አናታቸው ለጥ ያለ ነው። የታመሙት ግን አናታቸው አብጧል። አንደኛው ጭራሽ ተሰንጥቆ ቡናማ ነገር አውጥቷል። «መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመታው እነዚህን ነው ልጄ» አለኝ። አዲስ ገዝቶ በየዳቸው፣ ብዙም አላስከፈለኝም። ቲቪው ተነሳ። እማዬ ያን ሰሞን «አላልኳችሁም?» ስትል ከረመች።

ድሉ አልቆየም። አንድ ማታ ዜና እያየን ምስሉ ድርግም አለ። ድምጹ ግን አለ። ጋዜጠኛዋ ታወራለች፣ እሷ ግን የለችም። ልጄ የስልኬን መብራት አብርታ ስክሪኑ ላይ አስጠጋችው። በክቡ ብርሃን ውስጥ ጋዜጠኛዋ ታየች። ደብዝዛ፣ ግራጫ ሆና፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መብራቱን ወደ ግራ ስታደርገው ከጋዜጠኛዋ ጀርባ ያለው ሥዕል ታየ፣ ወደ ታች ስታወርደው የሚያልፈው ጽሑፍ። ልጄ በጣም ስለወደደችው ዜናውን በሙሉ እንዲህ እያየን ልንጨርስ ነበር።

ጋሼ ነገሩን አስረዳኝ። የኤልሲዲ ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም። ከኋላው የሚመጣውን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል እንጂ። በኛ ቲቪ ዘመን ከኋላ የሚያበሩት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ነበሩ። የሞተው እሱ ነው። አሁን «ኤልኢዲ» ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛው ያው ኤልሲዲ ነው፣ ቱቦው በትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ተተክቶ። ኪውኤልኢዲ የሚሉትም ከኋላው መብራት አለው። ኦኤልኢዲ ብቻ ነው የተለየው፤ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ትበራለች፣ በራሷ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው። ዋጋውን ግን አልጠየቅኩም፤ ለጤናዬ ስል።

ምናለሽ ተራ ቢፈለግ ቱቦው ሳይገኝ አይቀርም። ጋሼ ግን «ገንዘብሽን አታባክኚ» አለኝ። ከጥገና የሚኖር ሰው አትጠግኚው ካለሽ ነገሩ አብቅቷል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ቲቪው እዚህ ቢገጣጠም እንኳ ስክሪኑ የሚመጣው ከውጭ ነው። ዕቁብ ባይደርሰኝ ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፈውም ነበር።

መጀመሪያ የያዝኩት ሜትር ነው። ቡፌያችን በድሮው ቲቪ ልክ የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ለቲቪ የተተወው ክፍት ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ኢንች ግን የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንቹ ወርዱ 95 ሴንቲ ነው፣ ከነጠርዙ ትንሽ ይጨምራል። 55ቱ 122 ይደርሳል። ስለዚህ 43ቱም ሆነ 55ቱ ቡፌ ውስጥ አይገባም። ወይ ቡፌው ይወጣል ወይ ቲቪው ግድግዳ ላይ ይወጣል።

ቡፌው እንዲወጣ ለእማዬ መንገር የሚደፍር ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።

እሷ በዚህ ጉዳይ ታሪክ አላት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ነው። እማዬ ያኔ ልጅ ናት። መጀመሪያ ያየችው ሀብታም ጎረቤት ቤት፣ ባለ መዝጊያ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ማታ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። ሲያልቅ የቤቱ እመቤት መዝጊያውን ገጥመው ይቆልፉና ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ይቋጥሩታል። ልጆቹ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡት፣ እግር ታጥቦ። ባለ ቀለም የመጣው በ1977፣ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው። ያን ጊዜ እማዬ ባለትዳር ሆናለች፤ እሷ ቤት ግን ጥቁርና ነጩም አልገባም ነበር። ለእሷ ቴሌቪዥን ከዕቃ ዕቃ ነው። ቦታ አለው፣ ልብስ አለው። የኛ ፍላት እንኳ ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ዳንቴል ነበረው። የአሁኖቹ ደግሞ ዳንቴል የሚይዝ ጠርዝ እንኳ የላቸውም። ይህን ስነግራት «ታዲያ አቧራውን ማን ይችለዋል?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። መርካቶም፣ መገናኛም ገባሁ። ሁሉም ሱቅ የሚያሳየው ያው ቪዲዮ ነው። የተቆረጠ ብርቱካን፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት እንጆሪ፣ የዱባይ ሕንጻዎች በሌሊት፣ ባህር ውስጥ የሚዋኝ ቀይ ዓሣ። ዓሣው ያምራል። ግን እኛ ቤት ዓሣ የሚያይ የለም። እማዬ ቅዳሴና ዜና ታያለች፣ በአማርኛ የሚናገሩትን የቱርክ ድራማዎች ታያለች። ወንድሜ ኳስ። ልጄ የራሷን ዓለም።

አንዱን ሻጭ «እስኪ ኢቢሲን ክፈትልኝ» አልኩት።

ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ፎርኬ ነው!»

«ገባኝ። ኢቢሲን ግን ክፈትልኝ።»

ዲሽ የለንም አለ። ሁለተኛውም የለንም አለ። በመጨረሻ መርካቶ ውስጥ ጠበብ ያለች ሱቅ አገኘሁ። ባለቤቱ ራሱ ኳስ የሚያይበት ሪሲቨር ነበረው። ገመዱን ነቅሎ መጀመሪያ 55ቱ ላይ ሰካልኝ። ያ ሁሉ ብርቱካን የት እንደገባ እንጃ! ዜና አንባቢው ፊቱ ተለጥጧል፣ የከረቫቱ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ጠርዙ ተፈርፍሯል። 43ቱ ላይ ሲሰካው ያው ሰውዬ ሰው መሰለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎርኬ ማለት 3840 በ2160፣ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ ሁለት ሚሊዮን ገደማ። በተራ ጥራት የሚመጣ ቻናል ደግሞ ግማሽ ሚሊዮንም አይሞላም። የጎደለውን ቲቪው እየገመተ ይሞላዋል። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ግምቱ ያፈጥብሻል። በዲሽ የሚመጡት ቻናሎች ሁሉም እንደዚያ አይደሉም፣ ኤችዲ የሆኑት ደህና ናቸው። ግን እማዬ የምታየውን ቻናል በጥራቱ መርጣ አታውቅም።

ርቀትም አለ። ከሶፋችን እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ነው። የ43 ኢንች ፉል ኤችዲ አንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ርቀት ጤነኛ ዓይን እንኳ ነጥብ ከነጥብ አይለይም። ታዲያ በዚህ መጠን ለፎርኬ ተጨማሪ ብር የምከፍለው ለማን ብዬ ነው? ይህን ለወንድሜ በወረቀት ላይ አስልቼ አሳየሁት። አየውና «ጨዋታው ግን ይሰፋል» አለኝ። እሱም ልክ ነው።

ሌላው ጣጣ የእማዬ መቀመጫ ነው። እሷ ከቲቪው ፊት ለፊት አትቀመጥም። መስኮቱ ስር ነው ቦታዋ፣ ጥጥ ስለምትፈትል ብርሃን ትፈልጋለች። እንዝርቱን እያሾረች ቀና ስትል ቲቪውን የምታየው ከጎን ነው። ስክሪኖች ደግሞ በዚህ ይለያያሉ። ቪኤ የሚባለው ዓይነት ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ይነጣል። አይፒኤስ ጥቁሩ ያን ያህል አይደለም፣ ከጎን ግን ቀለሙ አይሸሽም። ሻጮቹ ይህን አይነግሩሽም፣ ካርቶኑም ላይ አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፌ፣ አንገቴን አዙሬ ከጥግ አየሁ። የሱቁ ልጆች ተያዩ። ይተያዩ።

ቀለሙን ደግሞ አትመኑ። ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩት በልዩ የማሳያ ሴቲንግ ነው። ብርሃኑም ቀለሙም እስከ ጥግ ተለቅቋል። «ስታንዳርድ አድርግልኝ» ስትሉ እውነተኛው ይመጣል።

ስሙንም ጠጋ ብላችሁ አንብቡ። ከሩቅ የምታውቁት ብራንድ ይመስላል፣ ሲጠጉት አንድ ፊደል ጨምሯል። እኔ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የሞዴል ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁ። ብዙዎቹ ርካሽ ስማርት ቲቪዎች ማስቀመጫቸው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ ግማሹን ሲስተሙ ራሱ ይበላዋል። ልጄ ሦስት ጌም ከጫነችበት ዩቲዩብ ራሱ መንቀርፈፍ ይጀምራል።

ለእኔ የወሰነልኝ ግን ሪሞት ነው። በአሮጌው ቲቪ እማዬ ሁለት ሪሞት ነበራት። አንዱ የቲቪው፣ አንዱ የሪሲቨሩ። የቲቪውን በክር አስራ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች፣ «እሱን አትንኩት፣ ምስሉን ያጠፋዋል» እያለች። የኢትዮጵያ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ጣራ ላይ የወጣ ዲሽ ሠራተኛ የነገራትን የቁጥር ቅደም ተከተል እስካሁን በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን ሪሲቨሩ ውስጡ የተገጠመለት ቲቪ አለ። የዲሹን ገመድ በቀጥታ ጀርባው ላይ መሰካት ነው። አንድ ሪሞት። ይህን ስሰማ ሌላውን ሁሉ መጠየቅ አቆምኩ። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ መሰኪያ ያለው መሆኑን ብቻ አረጋገጥኩ፤ የሠርግ ሲዲ የምናይበት አሮጌ ዲቪዲ አለንና።

እናም 43 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ አይፒኤስ፣ ባለ ሪሲቨር። ወንድሜን «55 ከፈለግክ ልዩነቱን ጨምር» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ።

የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «ስክሪን አይጨምርም» ይላል። ቲቪ ማለት ስክሪን አይደለም እንዴ? ቢሆንም ሌላውም ሱቅ ያው ነው። ስለዚህ እዚያው አስበራሁት። ከስልኬ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ ጥቁር ፎቶ በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር። ነጩ ላይ የሞተች ነጥብ ካለች ትታያለች። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ጥጉ የሚያበራ ከሆነ። ሻጩ «እህቴ፣ ኢንጂነር ነሽ እንዴ?» አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

ወደ ቤት ስንጭን ሹፌሩ ኋላ ወንበር ላይ ሊያጋድመው ነበር። አይሆንም፣ ቁሞ ነው የሚሄደው። የተጋደመ ስክሪን መንገዱ ሲያነጥረው መሀሉ ይሰነጠቃል። ወንድሜ ከኋላ ካርቶኑን አቅፎ ተቀመጠ። 55 ቢሆን መኪናው አይበቃውም ነበር፣ ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ።

ግድግዳችን የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ተራ ፊሸር ገብቶ ይሽከረከራል። የሰቀለልን ልጅ ረጅሙን ዓይነት አስገዝቶን ብራኬቱን አራት ቦታ መታው። ከስታቢላይዘር ጋር አያያዝነው። የአሮጌውን ቦርድ ሲፈታ ያየሁትን ስላየሁ በዚህ አልከራከርም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋ ሶኬቱ ይነቀላል፤ የልጄ ሥራ ይሄ ሆኗል።

አሮጌውን ጋሼ ለመለዋወጫ ወሰደው። ቆራሌውም ጠይቆ ነበር፣ የሰጠው ዋጋ ግን ስድብ ነው።

ቡፌው እዚያው አለ። በቲቪው ቦታ እማዬ የሲኒ ረከቦቷን አስገብታበታለች፣ ዳንቴሉንም ለእሱ። ያልተፈታው አንድ ነገር ነው። የዲሹ ገመድ አዲሱ ግድግዳ ድረስ አይደርስም፣ ለጊዜው ሳሎኑን አቋርጦ በአየር ላይ ተወጥሯል። ቅዳሜ ሠራተኛው ሊያስረዝመው ይመጣል። የእሱን ሒሳብ ወንድሜ እንዲችል ወስነናል፣ እሱ ገና አልሰማም።