ሶስተኛው ሲልከን

ይሄ ነገር ሁለት ክረምት አልፎትም ከውስጤ አልወጣም። ቤቱ የሸክላ ክዳን ያለው ቪላ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ደረጃው አናት ላይ ብርሃን እንዲያስገባ የተሰራ ስካይላይት አለው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ደረጃው ላይ ያንጠባጥባል። ያኔ የምሰራለት አለቃዬ ከታች ሆኖ አንዴ ቀና ብሎ አየውና «ሲልከን ነው ሚፈልገው» አለ፣ ወጥቼ ያንን ክፍተት መድፈኛ ማስቲሽ ዙሪያውን ቀባሁ። ሰኔ ላይ አንዴ፣ ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለሶስተኛ ጊዜ።

እኔ ግን የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። በውሃ ልክ ስለካው ጣሪያው በአንድ ሜትር 19 ሳንቲም ብቻ ነው ሚወርደው። ለሸክላ ይሄ በጣም ለጥ ያለ ነው፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ከ21 ሳንቲም ገደማ በታች ሸክላ አይፈቅድም፣ ከዛ በላይም እስከ 33 ድረስ ከሸክላው ስር ውሃ የሚከላከል ድርብ ንጣፍ ያዛል። ለጥ ባለ ጣሪያ ላይ ውሃው ቶሎ አይወርድም፣ ንፋስ ሲገፋው በሸክላዎቹ መደራረቢያ ወደ ኋላ ይገባል። ከስካይላይቱ ላይኛው ጎን ደግሞ ውሃውን ግራና ቀኝ ሚከፍል ላሜራ የለም፣ ቅጠልና የሸክላ ስብርባሪ ታጭቆበታል። ለአለቃዬ ነገርኩት፣ «አንተ ቅባ፣ ሌላውን ለኔ ተወው» አለኝ። ቀባሁ።

ከዛ ያ በረዶ የጣለ ቀን የቤቱ ባለቤት እማማ በቀጥታ ለእኔ ደወሉ። ስደርስ ደረጃው ላይ ባልዲው፣ ብረት ድስቱ፣ ትልቁ የልብስ ሳፋ ሳይቀር ተደርድሯል። ወጣሁ። ከስካይላይቱ ሳጥን ጀርባ፣ በላይኛው ጎን፣ በረዶው አንድ ስንዝር ያህል ተቆልሎ ውሃውን እንደ ገንዳ አቁሞታል። በእጄ ዛቅኩት። ከዛ ታችኛው ጠርዝ ላይ የቀባሁትን ሲልከን ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው እንደ ማስቲካ ተላጦ መጣ፣ ከስሩ የታቆረ ጥቁር ውሃ ሸክላው ላይ ተንዠቀዠቀ። ከላይ የገባው ውሃ መውጫው በዛ ነበር እኮ፣ እኔ ነኝ የደፈንኩበት። ማገሩን በጣቴ ስጫነው ገባ።

ወርጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝና

«ልጄ፣ ይሄን ዛሬ ነው ያወቅከው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«አለቃዬ ነው ከእርስዎ ጋር ሚነጋገረው...»

«የሚበሰብሰው የኔ ቤት አይደል?»

አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለሶስቱም ጊዜ ከፍለዋል፣ ሲልከኑን የቀባው ደግሞ የኔ እጅ ነው። አለቃዬ ስልክ ማንሳት አቁሞ ነበር፣ እኔም ከዛ ቀን በኋላ ወደሱ አልተመለስኩም።

መስከረም ሲብት በራሴ ጉልበት ሰራሁት፣ የእቃውን ብቻ ነው የተቀበልኳቸው። ዙሪያውን ሸክላ አንስቼ የበሰበሰውን ማገር ቀየርኩ፣ ከስር ድርብ ንጣፍ አድርጌ ሳጥኑ ላይ ወደ ላይ አጠፍኩት፣ ከላይ በኩል መሀሉ ከፍ ብሎ ውሃውን ለሁለት ሚከፍል ላሜራ አስቆርጬ ከሸክላው ስር ጠልቆ እንዲገባ አደረግኩት፣ በረዶ እንዳይቀረቀርም ከጀርባው ክፍተት ተውኩ። ታችኛውን ጠርዝ ላሜራው ሸክላው ላይ እንዲተኛ አድርጌ ሳልደፍን ተውኩት። ከዛ በውሃ ጎማ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እየሄድኩ ሞከርኩት፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆም እያልኩ። ጣሪያው ለጥ ማለቱን ግን ማስተካከል እንዳልቻልኩ፣ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቅጠሉ መጠረግ እንዳለበት ለእማማ በግልፅ ነገርኳቸው።

በቀጣዩ ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ። በረዶው መስታወቱን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል። ልቤ ቀጥ አለ።

«ደረቅ ነው» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ።»

«ሳፋውን ግን አላነሳሁትም ልጄ።»